ሃሎንግ ቤይን ከቤተሰብ ጋር በጀልባ መዞር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሃሎንግ ከተመለስን ጀምሮ ዘመዱም ጓደኛውም እየደወለ አንድ አይነት ነገር ስለሚጠይቀኝ መልሱን አንድ ቦታ ሰብስቤ ልጻፈው ብዬ ነው። የሄድነው አምስት ሆነን ነበር፣ እኔና ባለቤቴ፣ የ11 ዓመት ልጃችን፣ የ4 ዓመት ወንድሟ፣ እና ጉልበቷን የሚያማት እናቴ። ስለዚህ የምጽፈው ሁሉ ልጅና ትልቅ ሰው ይዞ ለሚሄድ ሰው ነው፣ ለብቻው ቦርሳ አንጠልጥሎ ለሚሄድ ወጣት ብዙው ላያስፈልገው ይችላል።

ሃሎንግ ቤይ የት ነው? ምን ስላለው ነው እንደዚህ የሚወራለት?

ሰሜን ምስራቅ ቬትናም ውስጥ ነው፣ ኳንግ ኒን የሚባል ክፍለ ሀገር፣ ከዋና ከተማው ከሃኖይ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። 1,553 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በሚሆን ባሕር ላይ 1,969 ደሴት ተቆጥሯል፣ አብዛኛው ደሞ ሰው የማይኖርበት፣ ከውሃው ቀጥ ብሎ እንደ ግድግዳ የቆመ፣ አናቱ ላይ ዛፍ የለበሰ የኖራ ድንጋይ ነው። ዩኔስኮ በ1994 በመልክዓ ምድሩ ውበት፣ በ2000 ደሞ በድንጋዩ አፈጣጠር የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበው፣ በ2023 ጎረቤቱን የካት ባ ደሴቶችን ጨምሮ አሰፋው።

አፈጣጠሩን ለልጆቹ ያስረዳኋቸው እንዲህ ብዬ ነው፣ ድሮ ይሄ ሁሉ ደረቅ መሬት ነበር፣ ኮረብታና ሸለቆ። የዝናብ ውሃ የኖራ ድንጋይን ቀስ እያለ ያሟሟል፣ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ እየቦረቦረ ዋሻ ሰራ፣ ሸለቆውን ይበልጥ ጥልቅ አደረገው፣ ጠንካራው ብቻ ቆሞ ቀረ። ከዛ የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሲያልቅ ባሕሩ ከፍ አለና ሸለቆውን ሞላው፣ ስለዚህ እኛ ደሴት የምንለው የተራራ ጫፍ ነው ማለት ነው። ጀልባው ጠጋ ሲል እግራቸው ስር እዩ፣ ውሃው ዙሪያውን በልቷቸው እንደ እንጉዳይ ከታች ቀጠን ከላይ ሰፋ ብለው ነው የቆሙት።

የሀገሩ ሰው ደሞ የራሱ ተረት አለው። ጠላት በባሕር ሲመጣ እናት ድራጎን ከነልጆቿ ከሰማይ ወርዳ ከአፏ እንቁ ተፋች፣ እንቁው ደሴት ሆኖ የጠላትን መርከብ ዘጋ ይላሉ። ሃሎንግ ማለት የወረደው ድራጎን ማለት ነው። ትንሹ ልጄ ይሄን ከሰማ በኋላ እያንዳንዱን ድንጋይ "ይሄ ጭራው ነው? ይሄስ ጀርባው ነው?" እያለ ሲጠይቅ ነው የዋለው፣ ከመሄዳችሁ በፊት ንገሯቸው።

ደርሶ መልስ ይበቃል ወይስ ማደር አለብን?

በጣም የምጠየቀው ይሄን ነው፣ መልሴም አንድ ነው፣ ልጅ ካለ እደሩ። ከሃኖይ ጠዋት ተነስቶ ማታ መመለስ ይቻላል፣ በአዲሱ ፈጣን መንገድ መሄጃው ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፣ ግን መመለሻውም ያው ስለሆነ ልጁ አምስት ሰዓት መኪና ውስጥ ተቀምጦ ውሃው ላይ አራት አምስት ሰዓት ይቆያል ማለት ነው፣ እሱንም ዋሻ ግቡ ውጡ፣ ምሳ ብሉ፣ ፍጠኑ እየተባለ። የእናቴ ጉልበት ይሄን አይችለውም ነበር፣ የእኔም ትዕግስት አይችለውም።

አንድ ሌሊት የሚታደርበት ቦት ብዙ ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ተነስቶ በማግስቱ ረፋድ ላይ ይመልሳል። (ትኬቱ ላይ 12:00 የሚለው በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ነው፣ በስልክ ስትነጋገሩ እንዳትሳሳቱ።) የቀን ጀልባዎቹ ማታ ላይ ሁሉም ወደ ወደብ ይመለሳሉ፣ የሚያድሩት መልሕቅ ጥለው ይቆማሉ፣ ያን ሰዓት ነው ቦታው ቦታ የሚሆነው። ሞተሩ ይጠፋል፣ ድንጋዮቹ ይጠቁራሉ፣ የሌላ ቦት መብራት ከሩቅ ይታያል፣ በቃ። ሁለት ሌሊት ማደር ከቻላችሁ ደሞ ሁለተኛው ቀን ሩቅ ሰው ወደማይበዛበት ስለሚሄድ የበለጠ ነው፣ ግን የ4 ዓመት ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ ጀልባ ላይ መጠበቅ ቀላል ስራ አይደለም፣ እኛ አንድ ሌሊት በቅቶናል።

ሃሎንግ፣ ላን ሃ፣ ባይ ቱ ሎንግ ሲሉ እሰማለሁ፣ ልዩነቱ ምንድነው?

ባሕሩ አንድ ነው፣ የተያያዘ ነው። ሃሎንግ የሚባለው መሃሉ ነው፣ የታወቁት ዋሻዎች እዛ ናቸው፣ ሰውም የሚበዛው እዛ ነው። ላን ሃ በደቡብ በኩል ካት ባ ደሴት ስር ያለው ሲሆን ትናንሽ የአሸዋ ዳርቻዎች አሉት፣ ለካያክም (ራስ ለሚቀዝፉት ጠባብ ትንሽ ጀልባ) ይመቻል። ባይ ቱ ሎንግ በሰሜን ምስራቅ በኩል ነው፣ ጸጥ ያለው እሱ ነው፣ ስሙም ከተረቱ ጋር ይያያዛል፣ የድራጎኗ ልጆች ለእናታቸው የሰገዱበት ቦታ ነው ይላሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድና ልጆቹ ዋሻ እንዲያዩ የሚፈልግ ሃሎንግ ይሂድ። ጫጫታ የሚረብሸው ትልቅ ሰው ካለ ግን ከሁለቱ አንዱን እመርጣለሁ። መነሻ ወደቡ እንደየመስመሩ ስለሚለያይ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ከየት እንደምትነሱ አረጋግጡ፣ ቱዋን ቻው ነው፣ ሃሎንግ ከተማ ነው ወይስ በሃይፎንግ በኩል ነው፣ ተሳስቶ ሌላው ወደብ ላይ የሚገኝ ቤተሰብ አለ።

የትኛው ወር ጥሩ ነው?

ኦክቶበርና ኖቬምበር፣ ከዛ ቀጥሎ ማርች መጨረሻና ኤፕሪል። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ይቀዘቅዛል፣ ጭጋግ ይበዛል፣ ፎቶው ያምር ይሆናል ግን ልጅ ዴክ (የቦቱ ክፍት ወለል) ላይ ማቆየት አይቻልም። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ሙቀቱና ወበቁ ከባድ ነው፣ አውሎ ነፋስም የሚመጣው በዚሁ ጊዜ ነው፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ የሚሄደውም ያኔ ነው። ምርጫ ካላችሁ አትሂዱ ነው የምለው። ምርጫ ከሌላችሁ የሚቀጥለውን መልስ በደንብ አንብቡት።

ልጅ ይዞ ጀልባ ላይ መሄድ አያስፈራም ወይ?

ያስፈራል፣ መፍራትም አለብን፣ ምክንያቱም እውነተኛ አደጋ ደርሷል። በጁላይ 19 ቀን 2025 ከሰዓት በኋላ ድንገት በተነሳ ነጎድጓድና ንፋስ ጎብኚ የጫነ ጀልባ ተገልብጦ ከ30 በላይ ሰው ሞቷል፣ ልጆችም ነበሩበት። ከዛ በፊት በሴፕቴምበር 2024 ያጊ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ሰው ባይሳፈርባቸውም ብዙ ጀልባዎች በቆሙበት ሰጥመዋል። ይሄን የምጽፈው ላስቀራችሁ ብዬ አይደለም፣ በአብዛኛው ቀን ውሃው እንደ ሐይቅ የረጋ ነው፣ ሰማዩ ሲለወጥ ግን በደቂቃ ውስጥ እንደሚለወጥ አውቃችሁ እንድትሄዱ ነው።

የአየር ሁኔታ ሲበላሽ የወደቡ አስተዳደር ጀልባ እንዳይወጣ ይከለክላል። የእኛም የመጀመሪያ ቀን እንደዛ ተሰርዞብናል። ወደብ ደርሰን ሻንጣችን ወርዶ ነው የነገሩን፣ ሰማዩ ደሞ ያን ሰዓት ጥርት ያለ ሰማያዊ ነበር፣ ባለቤቴ ተናደደ፣ "ይሄ እኮ ምንም የለውም፣ ገንዘብ ከፍለን" ምናምን ብሎ ተከራከረ፣ ጠረጴዛው ጋ የነበረችው ልጅ ድምጿን ሳትጨምር ስልኳን አዙራ የአየር ሁኔታውን ካርታ አሳየችው። ማታ ሆቴል ውስጥ ንፋሱ መስኮቱን ሲያፏጨው፣ ዝናቡ በጎን ሲገርፈው አደርን፣ ባለቤቴ ልጁን አቅፎ ቁጭ ብሎ ነው ያደረው፣ ስለ ገንዘቡም ሁለተኛ አላነሳም። ስለዚህ እባካችሁ ሃሎንግን የጉዟችሁ የመጨረሻ ቀን ላይ አታድርጉት፣ በማግስቱ በረራ ካላችሁ "እንሂድ ምንም አይለን" ትላላችሁ፣ ሰው የሚሳሳተው እዛ ላይ ነው። ከኋላው አንድ ባዶ ቀን ተዉለት።

ቦቱ ላይ እንደወጣችሁ ደሞ ሻይ ከመጠጣታችሁ በፊት ላይፍ ጃኬቱን ፈልጉ፣ የልጅ ልክ መኖሩን እዩ፣ እዛው አልብሱት። ለኛ ካቢናችን ውስጥ የነበሩት በሙሉ የትልቅ ሰው ነበሩ፣ ለትንሹ ስናለብሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ገባ፣ ስንጠይቅ ከታች ሁለት የልጅ አመጡልን፣ ባንጠይቅ ማንም አያመጣም ነበር። መውጫው በየት እንደሆነ ልጆቹ ራሳቸው እየመሩ እንዲያሳዩዋችሁ አድርጉ። ሰማይ ከጠቆረ ካቢን ውስጥ በር ዘግቶ መተኛት የለም፣ ጃኬት ለብሶ መውጫ አጠገብ መቀመጥ ነው።

ቦት ስንመርጥ ምን እንጠይቅ?

ፎቶውን ተዉት፣ ሁሉም ያምራል። የልጅ ላይፍ ጃኬት አለ ወይ? በረንዳው ላይ ያለው የብረት አጥር በመካከሉ ልጅ ያሾልካል ወይ? ካቢኑ ስንተኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃውስ ቀጥ ያለ ነው? አየር ሁኔታው ተበላሽቶ ቢሰረዝ ገንዘቡ ሙሉውን ይመለሳል ወይስ ቀን ይቀየራል? የመጨረሻውን በጽሁፍ አስልኩ። የቤተሰብ ካቢን ወይም በውስጥ በር የሚገናኙ ሁለት ካቢኖች እንዳሏቸውም ጠይቁ፣ እኛ አለመጠየቃችን ቆጭቶናል፣ እናቴና ልጄ ኮሪደሩ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነበሩ።

ጉልበት የሚያማው ሰው ዋሻዎቹን ማየት ይችላል?

ሁሉንም አይችልም፣ ሁሉንም ማየትም አያስፈልገውም። ሱንግ ሶት ትልቁና ታዋቂው ዋሻ ነው፣ በ1901 ፈረንሳዮቹ የአስገራሚዎች ዋሻ ብለው የሰየሙት፣ ውስጡ እንደ ካቴድራል ነው፣ ግን ለመግባትም ለመውጣትም ደረጃ አለው፣ ውስጡም እርጥብና ወጣ ገባ ነው፣ ደሞ በአንድ በኩል ተገብቶ በሌላ በኩል ስለሚወጣ መሃል ላይ ደክሞኛል ልመለስ ማለት አይመችም። ቲ ቶፕ ደሴት ላይ ያለው ማማ ከ400 በላይ ደረጃ ነው፣ ከላይ የሚታየው ነገር ልብ ያቆማል፣ ግን እሱም የጉልበት ነው።

እናቴ ሱንግ ሶትን ቀረች፣ ዴክ ላይ ወንበር አውጥተውላት ጥላ ስር ተቀምጣ ጠበቀችን። መጀመሪያ ላይ እኔ አዘንኩ፣ ጥለናት እንደሄድን ተሰማኝ። ስንመለስ ግን ያየችውን ስትነግረን ከኛ የበለጠ አይታለች፣ ጭልፊቶች ውሃው ላይ እየወረዱ ሲያነሱ፣ አንዲት ሴት በትንሽ ጀልባ ፍራፍሬ ጭና እየቀዘፈች ስትመጣ፣ በምልክት ሲነጋገሩ፣ ስለ ልጅ ብዛት ሁሉ በጣት ተጠያይቀዋል። ትልቅ ሰው የግድ በየደረጃው አይጎተት፣ ግን ሰራተኞቹን ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ከትልቁ ቦት ወደ ትንሹ መሸጋገሪያ ላይ ከግራና ከቀኝ ደግፈው ነው ያወረዷት።

ትንሽ ልጅ ካያክ ላይ ይወጣል?

እኛ የ4 ዓመቱን አላወጣነውም። ልጅቷ ከአባቷ ጋር የሁለት ሰው ካያክ ቀዘፈች፣ እኔ፣ እናቴና ትንሹ ደሞ የአካባቢው ሰው በሚቀዝፈው የቀርከሃ ጀልባ ሄድን፣ ሁለቱም የሚገቡት አንድ ቦታ ነው፣ ሉዎን የሚባል ዋሻ። ከደሴቱ ስር የተቦረቦረ ቅስት ነው፣ በሱ ስር ቀዝፋችሁ ስታልፉ ዙሪያውን በገደል የታጠረ ክብ ሐይቅ ውስጥ ትወጣላችሁ። ጣሪያው ስር ስንገባ ብርሃኑ ቀነሰ፣ የመቅዘፊያው ድምፅ ብቻ ቀረ፣ ከላይ ከድንጋዩ አንድ ጠብታ ውሃ ትንሹ ልጄ አናት ላይ ጠብ አለችና "ድራጎኑ ምራቁን ተፋብኝ" አለ፣ ቀዛፊዋ ቋንቋውን ባትሰማም ሳቀች። ወዲያ ማዶ ገደሉ ላይ ዝንጀሮዎች ነበሩ። ምግብ አትስጧቸው፣ ልጁ እጅ ላይ ያለውንም ብስኩት ደብቁ።

እዚህ ጋ ባሕሩ ከፍና ዝቅ እንደሚል ማወቅ ጥሩ ነው። ሃሎንግ ላይ ባሕሩ ከፍ የሚለው ባብዛኛው በቀን አንድ ጊዜ ነው፣ ልዩነቱ እስከ 4 ሜትር ይደርሳል፣ ሲሞላ የዋሻው አፍ ይጠባል ሲጎድል ይሰፋል፣ ፕሮግራማችሁ ተቀያየረ ሲሏችሁ አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል።

ያስመልሳል?

እምብዛም። ደሴቶቹ ማዕበሉን ስለሚከለክሉ ውሃው ጸጥ ያለ ነው። እኛ መድሃኒት ይዘን ሄደን ሳንከፍተው ተመልሰናል፣ መኪናው ላይ ግን ትንሹ አስመልሶታል።

ልጆች አይሰለቻቸውም? ሙሉ ቀን ድንጋይና ውሃ?

ታሪክ ካላችሁ አይሰለቻቸውም። ቲ ቶፕ የሚለው ስም ከጌርማን ቲቶቭ የመጣ ነው፣ መሬትን በጠፈር የዞረ ሁለተኛው ሰው፣ የሶቭየት ኮስሞናውት፣ በ1962 ከቬትናሙ መሪ ከሆ ቺ ሚን ጋር እዚህ መጥቶ ደሴቷ በስሙ ተጠራች፣ ሐውልቱም ዳርቻው ላይ አለ። ልጄ ጠፈር ስለምትወድ ከዋሻው ይልቅ እሱ ጋ ነው ፎቶ የተነሳችው።

ዳው ጎ የሚባለው ዋሻ ደሞ ከጦርነት ታሪክ ጋር ይያያዛል። ቬትናሞች በ938 የቻይናን፣ በ1288 የሞንጎሎችን መርከቦች እዚሁ አቅራቢያ ባክ ዳንግ ወንዝ ላይ ያሸነፉት የሾለ ግንድ ወንዙ ውስጥ ተክለው ነው፣ ውሃው ሲሞላ ግንዱ አይታይም፣ ጠላትን አታለው ወደ ውስጥ ያስገቡታል፣ ውሃው ሲጎድል መርከቡ ግንዱ ላይ ይሰካል። ለሁለተኛው ጦርነት ግንዱ የተዘጋጀው እዚህ ዋሻ ውስጥ ነው ይባላል። በቀን አንዴ ብቻ ከፍ ዝቅ የሚለውን ባሕር አይታ ስለነበር ልጄ ነገሩ ወዲያው ገባት።

ለትንሹ ደሞ ጨዋታ ነበረን። የ200,000 ዶንግ (የቬትናም ገንዘብ) ብር ጀርባ ላይ ያለው ስዕል እዚሁ ባሕር ላይ ያለ ድንጋይ ነው፣ የዕጣን ማጨሻ የሚመስል። ብሩን ሰጠነውና እያነጻጸረ ፈለገ፣ ሲያገኘው ቦቱ ሁሉ ነው የሰማው። ማታ ላይ ስኩዊድ (ብዙ እጅ ያለው የባሕር እንስሳ) ማጥመድ አለ፣ በቦቱ ጎን መብራት ወደ ውሃው ያበሩና ዘንግ ይሰጧችኋል፣ እኛ አንድም አልያዝንም፣ ልጆቹ ግን በግድ ነው ለእንቅልፍ የገቡት።

የጾም ምግብ ይገኛል?

ይገኛል፣ ግን ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ቬትናም ውስጥ የቡድሃ እምነት ተከታዮች ስለሚበሉት ሥጋም ዓሣም የሌለበት ምግብ የታወቀ ነው፣ "ቻይ" ይሉታል፣ ቃሉን ብቻ ብትሏቸው ይገባቸዋል። እንቁላልና ወተትን ለብቻ ተናገሩ፣ ሶሱም ብዙ ጊዜ ከዓሣ የተሰራ ስለሆነ ጠይቁ። እናቴ የምትጾም ቀን ነበር፣ ቶፉ በቲማቲም፣ ቅጠላ ቅጠልና ሩዝ ሰርተውላት በደስታ በልታለች። የአሳማ ሥጋ የማይበላም በየምግቡ ይጠይቅ፣ ብዙ ነገር ውስጥ ይገባል።

ቪዛና ገንዘብስ?

ኢ-ቪዛ ከኦገስት 2023 ጀምሮ ለሁሉም ሀገር ዜጋ ተከፍቷል፣ እስከ 90 ቀን ነው፣ ለአንድ ጊዜ መግቢያ 25 ዶላር። የመንግስቱን ዋና ድረ ገጽ ተጠቀሙ፣ ብዙ አስመሳይ አለ። ፓስፖርት ያለው ልጅ የራሱን ያወጣል። ጥሬ ብሩ ላይ ተጠንቀቁ፣ 20,000ውም 500,000ውም ሰማያዊ ነው፣ ማታ ላይ ይመሳሰላሉ፣ ለየብቻ ኪስ አስቀምጡት።

መዋኘት ይቻላል?

ቲ ቶፕ ዳርቻ ላይ አዎ። ከቦቱ ዘሎ መግባት ግን አይሆንም፣ ሌላው ሰው ቢዘልም።

ምን እንያዝ?

የማያዳልጥ ጫማ፣ ቀላል የዝናብ ልብስ፣ ማታ ስለሚነፍስ ሹራብ፣ ለልጅ ተጨማሪ ልብስ። የራሳችሁን የውሃ ኮዳ ያዙ፣ አንዴ ተጠቅሞ የሚጣል ፕላስቲክ ከ2019 ጀምሮ ባሕሩ ላይ ተከልክሏል። ትልቁን ሻንጣ ሃኖይ ሆቴል ትታችሁ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል፣ ካቢኑ ጠባብ ነው።

ጠዋት በስንት ሰዓት እንነሳ?

ፀሐይ ሳትወጣ፣ በኛ 11 ሰዓት ተኩል ላይ። እኔ የነቃሁት እናቴን ፈልጌ ነው፣ አልጋዋ ላይ አልነበረችም፣ ደንግጬ ወደ ላይ ስወጣ ዴክ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማ አገኘኋት። ጭጋጉ ውሃው ላይ ተኝቷል፣ ድንጋዮቹ ከወገባቸው በላይ ብቻ ይታያሉ፣ የትኛውም ቦት ሞተር አላስነሳም። ጸሎቷን እስክትጨርስ አጠገቧ ቆምኩ። ከዛ ዞር ብላ "ልጆቹን ቀስቅሻቸው፣ ይሄን ሳያዩ አይሄዱም" አለችኝ፣ ትንሹን ከነብርድ ልብሱ ተሸክሜ አወጣሁት።